ከቀይ ባሕር የተሻገሩ ዓሦችና መዝጋቢዎቻቸው

አፉላ የባሕር ከተማ አይደለችም፤ በኢይዝራኤል ሸለቆ መካከል በእርሻ ተከባ የምትኖር ናት። እኛም አብዛኞቻችን የደጋ ሰዎች ነን። ሆኖም በዚህ እትም ስለ ባሕር ዓሣ ልንጽፍ ወደድን። በእስራኤል ጠረፍ የሚያዙ ብዙ ዓሦች እንደ እኛ ከደቡብ የመጡ ናቸው፤ ተመራማሪዎችም በዕብራይስጥ «መሃግሪም» ማለትም ተሰዳጆች ይሏቸዋል።

የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ተከፈተ። መጀመሪያ ላይ በመንገዱ ያሉት መራራ ሐይቆች ጨዋማነታቸው እጅግ ከባድ ስለ ነበር ለዓሣ እንደ በር ዘብ ሆነው ቆዩ። ጨዉ ቀስ በቀስ ሲታጠብ የቀይ ባሕር ዓሦች ወደ ሜዲትራኒያን ይሻገሩ ጀመር። ወደ ደቡብ የሄዱት ግን ጥቂት ናቸው። ፕሮፌሰር ፍራንሲስ ዶቭ ፖር ይህን ፍልሰት በቦዩ አስቆፋሪ በደ ሌሴፕስ ስም ጠራው።

አንድ ዓሣ «መጣ» ለመባል ማየት ብቻ አይበቃም። ዓሣው ራሱ በአልኮል ተነክሮ ይቀመጣል፤ የተያዘበት ቀንና ቦታ ይጻፍለታል፤ ከዚያም በትውልድ ባሕሩ ካለው ወገኑ ጋር ይተያያል። ዋልተር ሽታይኒትዝ የተባለው ሐኪም «ሲካን» የሚባለውን ዓሣ በዚህ ጠረፍ መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ1927 ጽፎ አወጣ። ጠቆር ያለው ሁለተኛው ሲካን በ1956 ተያዘ። የሽታይኒትዝ ልጅ ሃይንዝና ባልደረቦቹም ነገሩን ከምንጩ ለማወቅ ሲሉ በ1962 እና በ1965 ወደ ዳህላክ ደሴቶች የጥናት ጉዞ አደረጉ። ዳህላክ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ነበረ።

ከሁሉ የሚደንቀን የአንበሳ ዓሣ ታሪክ ነው። ክንፎቹ እንደ ጎፈር የተዘረጉ፣ እሾሁ መርዛም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሄርጽሊያ አጠገብ አንድ ብቻ ተያዘ። ዓመቱ የሰሎሞን ዘመቻ ዓመት ነበር፤ በግንቦት ወር ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ የገቡበት። ዳንኤል ጎላኒ ከባልደረባው ጋር ስለዚያ ዓሣ በ1992 ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ሌላ አልታየም፤ ያ አንዱ ባይቀመጥ ኖሮ ማን ያምን ነበር? በ2012 በሊባኖስ ታየ፤ ከዚያም ወደ ቆጵሮስ፣ ቱርክና ግሪክ ተስፋፋ።

መዝገቡ ሕይወትም ያድናል። «አቡ ናፍሐ» የሚባለው፣ ሲነካ እንደ ፊኛ የሚነፋው ዓሣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በሜዲትራኒያን ተመዝግቧል። መርዙ በእሳት አይጠፋም። ከ2005 እስከ 2008 በእስራኤል 13 ሰዎች በልተውት ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ ብሉ የሚለውን የኦሪት ሕግ የሚጠብቅ ቤት ከዚህ የተጠበቀ ነው፤ ቢሆንም ዓሣ አጥማጅ ጎረቤት ያላችሁ ንገሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ሲካኑ የተያዘበት ዓመት ይታወቃል። ብዙዎቹ አባቶቻችንና እናቶቻችን ግን ሲገቡ የልደት ቀናቸው በግምት ተጻፈ፤ የአንዳንዶቹም ስም ተለወጠ። የመጡበት መንደርም በትክክል አልሰፈረም።

ጠቆር ያለውን ሲካን እ.ኤ.አ. በ1829 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ይኸው ሰው በ1832 ጎንደር ገብቶ የጣናን ዓሦች ሰበሰበ፤ ስብስቡም በፍራንክፈርት ዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ገባ። በመጽሐፍ ካሰፈራቸው ስሞች መካከል «ጎርጓሪ»፣ «ሱርኪስ» እና «ነጅያ» ይገኛሉ፤ ለጆሯችን ከላቲን ይልቅ የአገር ቤት ቃል ይመስላሉ። በጣና ዙሪያ ያደጋችሁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች እነዚህን ስሞች የምታውቁ ከሆነ፣ ዓሣው ምን እንደሚመስል፣ በየትኛው ወራት እንደሚያዝና እንዴት እንደሚሠራ ንገሩን። ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ ቢጽፉልንም እንቀበላለን፤ የተናጋሪው ስም፣ መንደሩና የተነገረበት ቀን ግን አብሮ ይጻፍ።