የዶሮ በሽታ እንዴት ዓለምን ዞረ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዶሮ በሽታ ታሪክ ነው። «ዶሮ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?» ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ስሙና ፍረዱ።

ከጀውሃ እንነሣ። ጀውሃ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሸዋ ሮቢት አለፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ በይፋት ቆላ ዶሮ የእናቶች ገንዘብ ናት። ጨው ሲያልቅ፣ ለልጅ ደብተር ሲያስፈልግ፣ እንቁላሉ ወይም ቄቧ ወደ ገበያ ትወጣለች።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ከቆጡ ሥር ሁለት ዶሮዎች ሞተው ይገኛሉ። በማግሥቱ አራት ይሞታሉ። የቀሩትም አንገታቸው ይጣመማል፤ ክንፋቸው ይወድቃል፤ አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል። ያን ጊዜ «ፈንግል ገባ!» ይባላል። ፈንግሎ ይጥላልና ስሙን ከዚያ አገኘ።

እኔም ልጅ ሳለሁ ቤታችን ፈንግል ገብቶ ያውቃል። እናቴ ያልታመሙትን ሦስት ዶሮዎች እግራቸውን አስራ፣ «ሳይሞቱብን ሽጠህ ና» ብላ ወደ ገበያ ላከችኝ። ሸጥኳቸው። የገዛችኝም እናት መሰለችኝ፤ ማን እንደ ሆነች ግን አላውቅም። ይህን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ከፈንግል ጋር የሚመሳሰል፣ ዘሩ ግን ሌላ የሆነ ሁለተኛ በሽታ አለ። እሱም የወፍ ጉንፋን ይባላል። ሁለቱንም የሚያመጣቸው ቫይረስ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። ምልክቱን ብቻ አይቶ «ይኸ ፈንግል ነው፣ ያ የወፍ ጉንፋን ነው» ማለት ያስቸግራል። የሚለየው በላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

የወፍ ጉንፋን ታሪክ የሚጀምረው ከኢጣልያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤዶዋርዶ ፔሮንቺቶ የተባለ ምሁር ዶሮ የሚፈጅ ቸነፈር መነሣቱን ጻፈ። በ1901 መንሥኤው ከባክቴሪያ ያነሰ ረቂቅ ነገር መሆኑ ታወቀ። በ1955 ደግሞ ይኸው ነገር ሰውን ከሚይዘው ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

ኢንፍሉዌንዛን እኛም እናውቀዋለን። በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታው የኅዳር በሽታ እሱ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ቆሻሻ የሚቃጠለው ያን ክፉ ዘመን በማስታወስ ነው። የዚያም ቫይረስ ዘር ከወፎች ወገን እንደ መጣ ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

እንግዲህ ይህ ቫይረስ የት ይኖራል? የጥንት መኖሪያው የውሃ ወፎች ሆድ ነው። በዳክዬና በዝይ አንጀት ይኖራል፤ ብዙ ጊዜም አይጎዳቸውም። ከኩሳቸው ጋር ወጥቶ ውሃውን ይበክላል። ዶሮ ያን ውሃ ስትጠጣ ይገባባታል። መጀመሪያ ቀላል ሊሆን ይችላል። ብዙ ዶሮ በአንድ ላይ በታጎረበት ቦታ ግን፣ ከአንዷ ወደ አንዷ ሲተላለፍ ይለወጣል፤ ገዳይም ሊሆን ይችላል።

እንዴት ይለወጣል? እናንተ ፊደል ስትማሩ ከሰሌዳ ትገለብጡ የለም? አንዳንዴ «ሀ» የነበረችው በደብተራችሁ ላይ «ሁ» ሆና ትገኛለች። ቫይረሱም ሲራባ ራሱን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። አብዛኛው ስሕተት ከንቱ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ግን ለቫይረሱ ይበጀዋል። ከዚህም ሌላ የቫይረሱ ዘር በስምንት ቁራጭ የተከፈለ ነው። ሁለት ዓይነት ቫይረሶች በአንዲት ዳክዬ ውስጥ ከተገናኙ፣ ቁራጮቹን ይለዋወጡና አዲስ ዓይነት ይወለዳል።

ያሁኑ ዘመን መከራ የጀመረው በቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በጓንግዶንግ ክፍለ አገር፣ ከታመመ ዝይ፣ ኤች5ኤን1 የሚባለው ዓይነት ተገኘ። በ1997 በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን ያዘ፤ 6ቱ ሞቱ። የከተማዪቱ ዶሮዎች በሙሉ እንዲገደሉ ተደረገ። በሽታው ግን አልጠፋም። በ2005 በቻይና፣ በቺንግሃይ ሐይቅ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የዱር ወፎችን ፈጀ። ነገሩን ልብ በሉ። ከዱር ወፍ ወደ ዶሮ መጣ፤ በዶሮ መካከል ከፋ፤ ከፍቶም ወደ ዱር ወፍ ተመለሰ።

ከዚያ ወደ አፍሪካ ገባ። በየካቲት 1998 ዓ.ም. በናይጄሪያ፣ በዚያው ወርም በግብፅ ተገኘ። በሚያዝያ በሱዳን፣ በግንቦት በጂቡቲ ታየ። ሱዳንና ጂቡቲ እኮ ጎረቤቶቻችን ናቸው! በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንም በየዓመቱ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ይሰፍራሉ።

በዚያው ዓመት በጉራጌ፣ ጉብሬ በሚገኝ የመንግሥት ዶሮ ማርቢያ ዶሮዎች በብዛት ሞቱ። ብዙ ሰው ደነገጠ። ናሙናው ሲመረመር የወፍ ጉንፋን አልተገኘበትም። ወሬው ግን ከምርመራው ቀድሞ ነበር። ዶሮና እንቁላል ገዢ አጣ፤ ዋጋው ወረደ። ያልመጣው በሽታ የእናቶችን ገንዘብ በላ።

ቫይረሱ ከዚያ ወዲህም አላረፈም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አዲስ ዘሩ በዱር ወፎች ብዙ አገር አዳረሰ። በ2021 መጨረሻ ሰሜን አሜሪካ ገባ፤ በ2022 ደቡብ አሜሪካን ወረረ። በ2024 በአሜሪካ አገር በሚታለቡ ላሞች ላይ ሳይቀር ተገኘ።

ታዲያ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ባሕር ተሻግሮ ረጅሙን መንገድ የዱር ወፍ ሊወስደው ይችላል። ከገበያ ገበያ፣ ከቤት ቤት የሚያዳርሰው ግን በብዛት ሰው ነው፤ በቅርጫቱ፣ በጫማው፣ በመኪናው። የፈንግልም መንገድ ይኸው ነው። እኔ የሸጥኳቸው ሦስት ዶሮዎች ደኅና ይመስሉ ነበር። በሽታው ግን አስቀድሞ ሳይገባባቸው አልቀረም። ከጀውሃ የወጣች የታመመች ዶሮ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ብትሸጥ፣ በሳምንቱ የስንት ቤት ቆጥ ባዶ ይቀራል?

እናቴን አልወቅሳትም፤ ያስቸኮላት ችግር ነው። ጉዳቱ ግን ከአንዲት ድሃ ወደ ሌላዪቱ ድሃ ተላለፈ እንጂ አልቀረም።

ስለዚህ ዶሮ በድንገት ሲሞትባችሁ የቀሩትን ወደ ገበያ አታውጡ። የሞተውን አትብሉ፤ በባዶ እጅም አትንኩ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አዲስ የገዛችሁትን ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩ። በአካባቢያችሁ ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩ። የፈንግል ክትባት በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ይሠራል። ክትባቱ የሚጠቅመው ግን ዶሮው ሳይታመም በፊት ሲሰጥ ነው።

ማንበብ የቻላችሁ ይህን ጽሑፍ ላልቻለች ጎረቤታችሁ አንብቡላት። በሽታው ከቤቷ ወደ ቤታችሁ፣ ከቤታችሁ ወደ ቤቷ መሄዱ አይቀርምና፣ እውቀቱም እንደዚያው ይሂድ።

ደኅና ሁኑ።