ለትንሿ መኪና ገንዘብ ሲሰበሰብ

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን የተሳለመ ሰው ሕዝባችን መስጠት እንደሚያውቅ ምስክር አያሻውም። ከየአገሩ ተጉዞ መስቀለኛውን አምባ የሚወጣው ምዕመን እንደየአቅሙ ስለቱን ያገባል። ሰጪው የሚሰጠውን ያውቃል፤ ለማን እንደሚሰጥም ያውቃል። ችግር የሚመጣው ዓላማው እንግዳ፣ ተቀባዩም ያልታወቀ ሲሆን ነው። በትምህርት ቤቶች ስም ለሚደረግ የቴክኖሎጂ ውድድር የሚሰበሰብ መዋጮ ከዚሁ ይመደባል።

ውድድሩ ምንድን ነው?

ለአብነት የትንንሽ መኪኖችን እሽቅድምድም እንውሰድ። በእንግሊዝ የተጀመረውና ለዓመታት “ኤፍ ዋን ኢን ስኩልስ” ሲባል የቆየው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2025 “ስቴም ሬሲንግ” ተብሏል። ከ3 እስከ 6 ተማሪዎች ያሉት ቡድን መኪናዋን በኮምፒዩተር ነድፎ ከአንድ ብሎክ በማሽን ይቀርጻል። ሞተር የላትም፤ 8 ግራም የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ያስወነጭፋታል። 20 ሜትሩን በ1 ሰከንድ አካባቢ ትጨርሰዋለች።

ዳኞች የሚመዝኑት ግን ፍጥነቷን ብቻ አይደለም። ቡድኑ ስፖንሰር እንዴት እንዳፈላለገና ሥራውን እንዴት እንደመራም ነጥብ ይሰጥበታል። ስለሆነም ገንዘብ ማሰባሰቡ ራሱ የትምህርቱ አካል ነው።

ቅንጦት አይደለምን?

ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደቡብ ወሎ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም ብዙ ሕፃናትን ከክፍል አስወጥቷል። ዴስክ ለጠፋበት ትምህርት ቤት የመጫወቻ መኪና ምን ይረባዋል?

በዚህ ጸሐፊ እምነት መልሱ ያለው በጀቱ ላይ ነው። ወጪው በሁለት ይከፈል፤ አንደኛው በትምህርት ቤቱ የሚቀር ነው፦ ኮምፒዩተር፣ መቅረጫ ማሽን፣ የመምህራን ሥልጠና። ሁለተኛው አብሮ የሚበር ነው፦ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሆቴል፣ የመመዝገቢያ ክፍያ። መጀመሪያ የሚቀረው ይሟላ። ቡድኑ ቢሸነፍ እንኳ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ የሚሠራበት ዕቃ ያገኛል። አምስት ልጆችን ለአንድ ሳምንት ውጭ አገር አስጎብኝቶ የሚያልቅ መዋጮ ግን ቅንጦት ቢባል አይበዛበትም።

ከመለመን በፊት

አንደኛ፣ የሚጠይቀው ማን ነው? 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በሕግ አካለ መጠን ያላደረሰ ስለሆነ ከስፖንሰር ጋር ውል የሚፈርመው ትምህርት ቤቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ መሆን አለበት። ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች ያሉበት ኮሚቴ በቃለ ጉባዔ ይቋቋም። ገንዘቡም በጥምር ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይግባ እንጂ በአንድ መምህር የቴሌብር ቁጥር አይሰብሰብ። መምህሩ ሐቀኛ ቢሆንም ከሐሜት የሚያድነው ሰነድ ነው።

ሁለተኛ፣ ጉዞው ቢቀርስ? ቪዛ ሊከለከል፣ የተሰበሰበው ሊያንስ ወይም ሊተርፍ ይችላል። ገንዘቡ ያን ጊዜ ለሰጪው ይመለሳል ወይስ ለቤተ ሙከራው ይውላል? ይህ ከመጀመሪያው በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ለአንድ ዓላማ በአደራ የተቀበሉትን ለራስ ጥቅም ማዋል በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 መሠረት እምነት ማጉደል ነው። በሐሰት ታሪክ መዋጮ መሰብሰብ ደግሞ አንቀጽ 692 ላይ ያለውን የማታለል ወንጀል ያስከትላል።

ሦስተኛ፣ ቶምቦላ ለማውጣት የታሰበ እንደሆነ ዕጣው የሎተሪ ሕግ የሚገዛው ነውና ቲኬት ከመታተሙ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ።

አራተኛ፣ ለነጋዴው የማይፈጸም ተስፋ አይሰጠው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ተቀናሽ እንዲሆን ሲፈቅድ ተቀባዮቹን ለይቶ ነው። ስለዚህ “ከግብር ይቀነስልዎታል” ከማለት በፊት የግብር ባለሙያ ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ የስፖንሰር ውል በጥንቃቄ ይጻፍ። ግሸን ባለበት በአምባሰል የምትገኘው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ያስተማረችን ትምህርት አለ። የአንቀጽ 17 አማርኛው ከኢጣሊያንኛው ስላልገጠመ ነገሩ አድዋ ደርሷል። የትምህርት ቤት ውል ጦር አያማዝዝም። ሆኖም በሁለት ቋንቋ ከተጻፈ የትኛው እንደሚጸና፣ አርማው መኪናዋ ላይ የት እንደሚለጠፍ፣ የልጆቹ ፎቶግራፍ ለማስታወቂያ ይውል እንደሆነና ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም በግልጽ ይስፈር።

በመጨረሻም ሒሳቡ ውድድሩ በተጠናቀቀ በአንድ ወር ውስጥ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሃምሳ ብር ያዋጣው ወላጅም ሚሊዮን የሰጠው ድርጅትም እኩል ያንብበው። ዘንድሮ ሒሳቡን ያላየ ሰው ለከርሞ ኪሱን አይከፍትም። በአንድ ኮሚቴ ዝርክርክነት የሚጎዳውም ኮሚቴው ብቻ ሳይሆን በሚቀጥለው ዓመት ደረሰኝ ይዞ በር የሚያንኳኳው ተማሪ ነው።