ደዌን ከሕሙሙ የመሰወር ልማድ

ነቀርሳ የሚባለው ደዌ በሰው ገላ ላይ የሚያደርሰው ጥፋት ከጥንት ዘመን ጀምሮ በሐኪሞች መጻሕፍት ሲጻፍ የኖረ ቢሆንም፥ «ይህ ደዌ አለብህ» የተባለ ሰው ከዚያች ሰዓት በኋላ በነፍሱ የሚቀበለው መከራ የሕክምና ጉዳይ ሆኖ ከተቈጠረ ገና አንድ የሰው ዕድሜ አልሞላውም። ለዚህ መዘግየት ምክንያቱ የሐኪሞች ጭካኔ አልነበረም፤ ርኅራኄ መስሏቸው አጥብቀው የጠበቁት፥ ደዌውን ከሕሙሙ የመሰወር ልማድ ነው እንጂ። የልማዱ አነሣሥና አወዳደቅ በኒው ዮርክ ከተማ ጐልቶ ስለሚታይ ነገሩን ከዚያ እጀምራለሁ፤ ዓመታቱን የምጽፈውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1884 ዓ.ም. በዚያች ከተማ፥ ከሴንትራል ፓርክ በስተምዕራብ፥ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የነቀርሳ ሐኪም ቤት የሕሙማኑ ክፍሎች ክብ ግንብ ሆነው ታነጹ፤ ይህም የሆነው አየር እንዲናፈስበትና በማዕዘን ተሸሽጎ የሚቀር እድፍ እንዳይኖር ተብሎ ነው። ደዌው ይጋባል ብለው የሚፈሩ ብዙዎች ነበሩ፤ ከፍርሃቱም ጋር ኀፍረት ነበረበት። ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ እንኳ በ1893 የላይኛው መንጋጋቸው በነቀርሳ ሲያዝ፥ የገንዘቡ ገበያ በተናወጠበት በዚያ ወራት ሕዝቡ እንዳይሸበር ሲባል፥ «ኦናይዳ» በምትባል የመዝናኛ መርከብ ላይ በምሥጢር ተቀደዱ። ወሬውን ያወጣው ጋዜጠኛ ሐሰተኛ ተባለ፤ እውነቱን ከቀዳጆቹ ሐኪሞች አንዱ ዊሊያም ኪን በአደባባይ የጻፉት በ1917፥ ፕሬዚዳንቱ ከሞቱ ከ9 ዓመት በኋላ ነበር።

ፕሬዚዳንቱስ ደዌያቸውን ዐውቀው ከሌላው ሰወሩ። ተራው ሕሙም ግን የሚሰወረው ከራሱ ነበር። ሐኪሙ ባልን ወይም ታላቁን ልጅ ወደ በረንዳ ጠርቶ በሹክሹክታ ይነግርና፥ ወደ አልጋው ሲመለስ «እባጭ ነው፤ ይድናል» ይላል። በ1961 በቺካጎ በማይክል ሪስ ሐኪም ቤት 219 ሐኪሞች ተጠይቀው 90 በመቶው ለሕሙሙ አለመንገርን እንደሚመርጡ ገለጹ። ጠያቂው ዶናልድ ኦከን ምክንያታቸውን ጠልቀው ሲመረምሩት፥ ተመዝኖ የተገኘ ማስረጃ ሳይሆን የሐኪሞቹ የገዛ ልብ ስሜት ሆኖ አገኙት። እኔ እንደሚመስለኝ ዝምታው ከሕሙሙ ይልቅ የሚጠብቀው ተናጋሪውን ነበረ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር እንግዳ ነው ልንል አንችልም። በእኛም ዘንድ ቤተ ዘመድ ከሐኪሙ ጋር ይመክርና የደዌውን ስም ሳይጠራ ታማሚውን «አይዞህ» ይለዋል። ነገር ግን ከዚህ ጋር መምታታት የማይገባው አንድ የቈየ ሥርዓታችን አለ፤ እርሱም መርዶ ነው። መርዶ ቢዘገይም የሚዘገየው ሽማግሌው፥ ጎረቤቱና ዘመዱ እስኪሰበሰብ፥ ኀዘንተኛውን የሚደግፍ ክንድ በዙሪያው እስኪቆም ነው፤ ከዚያም ሲነጋጋ ይነገራል። ከሕሙም የሚሰወር ደዌ ግን እንዲህ ያለ ንጋት የለውም፤ ሕሙሙ የከበቡት ሰዎች ፊታቸውን ሲያዞሩ እያየ፥ የጠረጠረውን የሚያካፍለው ሰው አጥቶ፥ በሕዝብ መካከል ብቻውን ይቀራል።

ዝምታውን ከሰበሩት አንዷ ሐኪም አልነበረችም። ቴሪስ ላሰር የምትባል ሴት በ1952 በዚያው በኒው ዮርክ ሐኪም ቤት፥ እርሱም በዚያን ጊዜ «ሜሞሪያል» ተብሎ ነበር፥ አንድ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ተወገደላት። ክንዷን እንዴት እንደምታነሣ፥ ምን ዐይነት ልብስ እንደምትለብስ፥ በባሏ ፊት እንዴት እንደምትቆም የሚነግራት አላገኘችም። ስለዚህ ከዳነች በኋላ ኳስና ገመድ፥ ለጊዜው ጡት የሚተካ ነገርም ይዛ በየሐኪም ቤቱ እየዞረች፥ ብዙ ጊዜ የቀዳጁን ሐኪም ፈቃድ ሳትጠብቅ፥ አዲስ የተቀደዱትን ሴቶች ትጎበኝ ጀመር። በአልጋው አጠገብ የቆመች፥ ያው መከራ ያለፈባት፥ አምራና ለብሳ የምትራመድ ሴት ማየት ራሱ መድኃኒት ነበረ። ሐኪሞቹ ተቈጧት፤ እርሷ ግን አልተወችም። በ1969 የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ሥራዋን የራሱ አድርጎ ተቀበለው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ አስታማሚ ነርስ የነበሩት፥ ኋላም ሐኪም የሆኑት ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 የቅዱስ ክሪስቶፈርን ቤት ለንደን ላይ ከፍተው፥ ሕመም የሥጋ ብቻ ሳይሆን የነፍስም፥ የቤተ ሰብም፥ የእምነትም ነው ብለው አስተማሩ። በ1979 ለአሜሪካ ሐኪሞች የቀድሞው ጥያቄ እንደ ገና ሲቀርብላቸው 97 በመቶው መንገርን መረጡ። በ18 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ መገለባበጥ በሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ አይታይም።

መንገር ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተነገረው ሰው በማግስቱ ሌሊት እንዴት ያድራል? ይህን ጥያቄ ሥራቸው ያደረጉት በቴክሳስ ገጠር ያደጉት ሐኪመ አእምሮ ጂሚ ሆላንድ ናቸው። ባለቤታቸው የነቀርሳ መድኃኒት ፈታኝ ሊቅ ነበሩ፤ እርሳቸው ግን መድኃኒቱ በእባጩ ላይ ስላደረገው ነገር ሁሉ ሲመዘገብ ሕሙሙ ምን እንደ ተሰማው የሚጠይቅ አለመኖሩ ይከነክናቸው ነበር። በ1977 በሜሞሪያል የነቀርሳ ሕሙማንን መንፈስ ብቻ የሚመለከት ክፍል አቋቋሙ። በ1983 እርሳቸውም የተካፈሉበት፥ በ215 ሕሙማን ላይ የተደረገ ምርመራ 47 በመቶው የአእምሮ ሕክምና ስም የሚሰጠው ጭንቀት እንዳለባቸው አሳየ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ከአዲሱ ኑሯቸው ጋር መስማማት ያቃታቸው ነበሩ። ከግማሽ የሚበልጡት ግን ሐዘናቸው ሐዘን ብቻ ነበረ፤ ይህንም ማወቅ ሌላውን የማወቅ ያህል ዋጋ አለው።

የቀረው የቃል ችግር ነበር። «የአእምሮ ሕመም» የሚለውን ስም ሕሙማን እንደ ሁለተኛ ነቀርሳ ስለሚሸሹት፥ ሆላንድና ባልንጀሮቻቸው ማንም ሳያፍር ሊናገረው የሚችለውን «ጭንቀት» የሚለውን ቃል መረጡ። ቀጥለውም ከ0 እስከ 10 የተቈጠረ የቴርሞሜትር ሥዕል በወረቀት ላይ አሳትመው፥ በ1998 የፕሮስቴት ነቀርሳ ላለባቸው ወንዶች ሰጧቸው። «አዝኛለሁ» ለማለት አንደበታቸው የማይታዘዝላቸው እነዚያ ሰዎች፥ ተራቸውን ሲጠብቁ በተቀመጡበት፥ እርሳስ አንሥተው በቍጥሩ ላይ ምልክት አደረጉ።