በወር አንዴ የሚመጣ አውሮፕላን

ዛሬ ደቡብ አትላንቲክ ድረስ ልውሰዳችሁ።

ከአፍሪካ ዳርቻ 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ውቅያኖስ መሐል ሴንት ሄሌና የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧም ከአራት ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1815 ናፖሊዮንን ያጋዙት ወደዚህች ደሴት ነው። ከዚህ አምልጦ የትም አይደርስም ብለው ነበር፤ እውነትም ከስድስት ዓመት በኋላ እዚያው ሞተ።

ከእሷ በስተሰሜን ምዕራብ፣ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደግሞ አሴንሽን አለች፤ እሳተ ገሞራ የወለዳት ደሴት። እዚያ በቋሚነት መኖር የሚፈቀድለት ሰው የለም። ሥራ ያለው ይኖራል፣ ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል። ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ የሴንት ሄሌና ልጆች ናቸው። እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ።

አሴንሽን ማኮብኮቢያ ያገኘችው ቀድማ ነው፤ በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአሜሪካ ጦር ሠራላት። ሴንት ሄሌና ግን መርከብ ብቻ ነበራት። በደሴቲቱ ስም የምትጠራው የፖስታ መርከብ ከኬፕታውን እስከዚያ አምስት ቀን ያህል ትጓዝ ነበር። እህሉም፣ ደብዳቤውም፣ ሕመምተኛውም የሚጓዘው በእሷ ነበር።

በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራ አለ። የት? ደሴቲቱ ተራራና ገደል እንጂ ሜዳ የላትም። ስለዚህ ሸለቆ ሞሉ! ስምንት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ድንጋይና አፈር ደልድለው መሬቱን አስተካከሉ። ወጪው 285 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደረሰ። በ2016 የሙከራ ቦይንግ 737 መጣ። በማኮብኮቢያው ጫፍ ያለው ገደል ነፋሱን እያናወጠ፣ ፍጥነቱንም አቅጣጫውንም በድንገት ይለዋውጠዋል፤ ፓይለቱ ሊያርፍ ዝቅ ካለ በኋላ ተመልሶ ለመውጣት ተገደደ። ለግንቦት ታስቦ የነበረው ምርቃትም ቀረ። ያ ሁሉ ገንዘብ ከንቱ ሆነ ያለ ብዙ ነው።

በ2017 ግን ኤርሊንክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ አነስ ባለ ኢምብራየር ከጆሃንስበርግ ተነሥቶ፣ በናሚቢያ በኩል መደበኛ በረራ ጀመረ። የአምስት ቀኑ ባሕር የሰዓታት መንገድ ሆነ። በወር አንድ ቀን ደግሞ ያው አውሮፕላን ወደ አሴንሽን ይቀጥላል። በዚያው ዓመት የአሴንሽን ማኮብኮቢያ አርጅቶ ለትልልቅ አውሮፕላኖች ተዘግቶ ስለነበር፣ ይህች አንዲት በረራ ለቤተሰቦች የጭንቅ ቀን ደራሽ ሆነች።

በረራው ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ከመሄድ ብዙም አይበልጥም። ናይሮቢ ለመሄድ ያሰበ ሰው ግን ዛሬ ቢያመልጠው ነገ ይሳፈራል። አሴንሽን ያለው ልጅ እናቱ መታመሟን የሰማው አውሮፕላኑ በተነሣ ማግሥት ከሆነ ምን ያደርጋል? አራት ሳምንት ይጠብቃል። እስከዚያ እናት ትድናለች ወይም ትቀበራለች። የመንገድ ርዝመት በኪሎ ሜትርና በበረራ ሰዓት ሲነገር ይህ መጠበቅ አይቆጠርም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚረዝመው መንገድ እሱ ነው።

ሸለቆ ሞልቶ ማኮብኮቢያ የሠራ መንግሥት በወር አንድ በረራ መጨመር አያቅተውም። ሊጨምር ይገባል።