ከሕንድ እስከ ጐንደር

በጐንደር ዘመነ መንግሥት እስልምናና ክርስትና ከሕንድ ሃይማኖቶች ጋራ ምን ተለዋወጡ? ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ፣ ከሊቃውንት ጉባኤ ይልቅ ነጋዴውን፣ መልእክተኛውንና ተርጓሚውን ቢመረምር ይሻለዋል። (ዘመናቱን በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።)

በ1648 የየመኑ ኢማም የአል ሙተወኪል እስማዒል መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚ ጐንደር ደረሰ። ዐፄ ፋሲለደስ ደብዳቤ መላካቸው በቤይሉል በኩል የንግድ መንገድ እንዲከፈት ነበር፤ በየመን ግን ንጉሡ ወደ እስልምና ያዘነበሉ መስሏቸው ነበር። አል ሐይሚም ነገሩ እንዳልሆነ ተረድቶ ተመለሰ። ስለ ግንቡ ሲጽፍ ግን ሠሪው ሕንዳዊ ነው ይላል። ከዚህ ቃል ተነሥቶ የሂንዱ እምነት ጐንደር ገባ ማለት ችኰላ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1660ዎቹ፣ አንድ እስላም ነጋዴና ሙራድ የተባለ አርመናዊ የንጉሡን ገጸ በረከት ይዘው ወደ ሕንድ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ ሄዱ። በዴልሂ ያገኛቸው ፈረንሳዊው ሐኪም በርኒዬ እንደሚተርከው፣ አውራንግዜብ በኢትዮጵያ የፈረሰ መስጊድ እንዲታደስ 2000 ሩፒ፣ ከዚያም ጋራ ቁርዓን ሰጣቸው። የክርስቲያን ንጉሥ መልእክተኞች ይህን መቀበላቸው በርኒዬን አስቈጥቶታል፤ ለነጋዴዎቹ ግን የዘወትር ሥራቸው ነበር ለማለት እንደፍራለን። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በ1668 የዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያን ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ፤ ፈላሾችም እንዲሁ። ውሳኔው በ1678 መደገሙ የመጀመሪያው እንዳልተፈጸመ ያስረዳል። እስላምጌ የሚባለው ሰፈር ከቀሃ ወንዝ አጠገብ ቢቋቋምም፣ ቤተ መንግሥቱ ያለ እስላም ነጋዴ የባሕር ማዶ ንግድ አልነበረውም።

ከሕንድ እምነት የመጣውን ነገር የምናገኘው ጐንደር ከመቈርቈሯ በፊት ነው። ከየመን መጥቶ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባው፣ በኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆነው አባ ዕንባቆም፣ በ1553 «በራላምና የዋሴፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰ። ይህ ልዑልነቱን ትቶ የመነነው የዋሴፍ በመሠረቱ ቡዳ ነው። ታሪኩ ከሕንድ ተነሥቶ ወደ ዐረቦች፣ ከዐረቦች ወደ ጆርጂያውያን፣ ከእነርሱም ወደ ግሪክ ተሻግሮ፣ የክርስቲያን መጽሐፍ ሆኖ ዳግመኛ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ። «ቦዲሳትቫ» የሚለው መጠሪያ በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ተባለ፤ በዐረብ ጽሕፈት «በ»ን ከ«የ» የሚለየው አንድ ነጥብ ብቻ ስለ ሆነ «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ። የግእዙ «የዋሴፍ» የመጣው ከዚሁ ነው።