ጥር 29፦ በአማርኛ ሄዶ በእንግሊዝኛ የተመለሰ ንግግር

ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ «ቦብ ማርሌይ ጋ ወራጅ አለ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ገርጂ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ያለውን አደባባይ ማለቱ ነው። የሰፈራችን የዛሬ ልጆች ቦብን ከዘፋኝነቱ በፊት የሚያውቁት በመውረጃነቱ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን የማውቀው በአንድ ቀን ነው፦ እሑድ፣ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.።

ቦብ የተወለደው ጃማይካ ውስጥ፣ ናይን ማይል በምትባል የገጠር መንደር፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 ነው። ወደኛ ስናመጣው ጥር 29 ቀን 1937 ይሆናል። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን በተከታዩ ጥር ልደቱ 28 ላይ ያርፋል። በ1997 ደግነቱ ሁለቱም አቆጣጠር ገጠመ፤ ስልሳኛ ዓመቱ በትክክል በተወለደበት ቀን መስቀል አደባባይ ላይ ተከበረ።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ስለነበር ከሱ የተሻለ አይቻለሁ። ሪታ ማርሌይ፣ የቦብ ልጆች፣ እናቱ ሴዴላ ቡከር ሳይቀሩ መጥተዋል። ቤኒናዊቷ አንጀሊክ ኪጆም ነበረች። የሕዝቡ ቁጥር በመቶ ሺዎች እንደሚገመት ተወርቷል፤ ለኔ ግን አገሩ በሙሉ የወጣ ነበር የመሰለኝ። ከሙዚቃው ይልቅ እስከዛሬ ከዓይኔ ያልጠፋው አንድ ፀጉሩን የጎነጎነ ሽማግሌ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴን ፎቶ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያለቅሳል።

አባቴ ሰውየውን ቆሞ ሲያየው ቆየና፣ ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ «ይሄን ሰውዬ እኮ እኛ ሌባ ብለን ነው የሸኘነው» አለ።

አባቴ የወሎ ልጅ ነው። በ1966 ተማሪ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ ከጮኹት አንዱ እሱ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ፣ አንድ ፎቶ አንዱን ሊያስለቅስ ሌላውን ዝም ሊያሰኝ እንደሚችል ብቻ ነው።

እስቲ አሁን ፎቶውንና ዘፋኙን ያገናኘውን ነገር እንከተለው። መስከረም 23 ቀን 1956 ኃይለ ሥላሴ ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ንግግር አደረጉ። አንዱ ዘር ከሌላው ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ እስካለ ድረስ ዓለም ሰላም እንደማታገኝ ተናገሩ። የተናገሩትም በአማርኛ ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም ጃማይካ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ቃሉ ብዙም ሳይነካ «ዋር» የተባለው የቦብ ዘፈን ግጥም ሆነ። ይገርማችኋል፣ በዘፈኑ ደራሲነት የተመዘገበው ቦብ አይደለም። የኳስ ተጫዋች ጓደኛው አለን ኮልና ከበሮ መቺው ካርልተን ባሬት ናቸው።

ይሄ አለን ኮል ኋላ የት ተገኘ? እዚሁ አዲስ አበባ። የኢትዮጵያ አየር መንገድን የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጥን ነበር። ቦብም እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ እሱ ባለበት መጣ። ንጉሡ ለጥቁር ሕዝቦች መስፈሪያ የሰጡትን የሻሸመኔን መሬትም ሄዶ አየ።

ግን የመጣበትን ጊዜ አስቡት። ደርግ ነው። ንጉሡ ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏል፤ የተቀበሩበትን ቦታ ሕዝብ አያውቅም። ቀይ ሽብር ከተማዋን ገና አልለቀቃትም። የንግግሩን ቃላት በዓለም መድረክ ሁሉ የዘፈነው ሰው፣ ንግግሩ የተነገረበት ቋንቋ አገር ሲደርስ የተናጋሪው ስም በበጎ የማይነሳበት ከተማ ነው የጠበቀው።

ቦብ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ «ብርሃነ ሥላሴ» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ፣ ግንቦት 3 ቀን 1973፣ በ36 ዓመቱ ሞተ። የንጉሡ አፅም በክብር ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ከዚያ ሌላ ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1993 ነው። በ1997 ደግሞ ኮንሰርቱ ሲቃረብ የቦብን አፅም ወደ ኢትዮጵያ የማምጣት ወሬ ተነሳ፤ ጃማይካውያን ተቆጡ፤ ወሬው ተስተባበለ።

ብዙ ጊዜ ስለ ጥር 29 ሲነገር «ቦብ ቤቱ ገባ» ይባላል። ደስ ይላል፣ ግን ለኔ አይበቃኝም። ቤቱ የገባው ቦብ ብቻ አልነበረማ። በአማርኛ ወጥቶ የሄደ ቃልም ነበር፤ የተመለሰው በእንግሊዝኛ፣ ከባስ ጊታር ጋር ነው። እኛ የገርጂ ልጆች «ዋር»ን በቃላችን እንወጣዋለን፤ በአማርኛ ምን ተብሎ እንደነበር ግን አንዳችንም አናውቅም ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ ከምርጫው በፊት፣ ያው አደባባይ በሌላ ሰልፍ ሞላ። የ97 ነገር ሲነሳ ትዝ የሚለን እሱ ነው፤ ጥር 29 ከሥሩ ተቀበረች።

ባለፈው የቦብ ልደት ቀን የንጉሡን ንግግር ቪዲዮ ስልኬ ላይ አገኘሁትና ለአባቴ ከፈትኩለት። መነጽሩን አውልቆ አዳመጠ።

«ይሄ ነው እንዴ ያ ዘፈናችሁ?» አለኝ።

«እሱ ነው።»

ትንሽ ዝም አለ። «ንግግሩስ ጥሩ ነው» አለ። «ለዓለም ጥሩ ተናገሩ። ወሎ ግን ተርቦ ነበር።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ሁለቱም እውነት ነው። ስልኩን ላነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«እስቲ ድገመው» አለኝ።