የነጂው ልቡና የተለካበት ዘመን

የሰው ሕሊና ረቂቅና በሚዛን የማይሰፈር ሆኖ ሳለ፥ መኪና የሚነዳ ሰው ልቡናው ምን ያህል እንደ ተያዘና ምን ያህል እንደ ተረፈው ለመለካት የደፈሩ ሊቃውንት የተነሡት በ20ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ብራውንና ፖልተን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት፥ ነጂው እየነዳ የቁጥሮችን ተራ እንዲያዳምጥና የተለወጠውን አኃዝ ለይቶ እንዲናገር አደረጉ፤ ስሕተቱም መኖሪያ ቤቶች ካሉበት መንገድ ይልቅ ሱቆች በበዙበት ሰፈር ስለ በረከተ፥ ስሕተቱ ራሱ የልቡና ሸክም መስፈሪያ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የአሜሪካዊው የጆን ሴንደርስ ድፍረት ነው። ይህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በማሳቹሴትስ፥ ዐይንን የሚጋርድ መከለያ የተገጠመለት የራስ ቁር ደፍቶ፥ መከለያው ለቅጽበት ተነሥቶ ተመልሶ እየወረደበት፥ በእውነተኛ ጎዳና ላይ መኪና ነዳ። አንድ ጊዜ ፍጥነቱ ተወስኖ የሚያይበትን ሰዓት ነጂው ይመርጣል፤ ሌላ ጊዜ የመጋረጃው ጊዜ ተወስኖ ፍጥነቱን ይመርጣል። ፍጥነት ሲጨምርና መንገድ ሲጠማዘዝ ዐይን ዕረፍት አጣ፤ ጨለማው ሲረዝም ነጂው በፈቃዱ አዘገመ። ዐይን በተጋረደ ቁጥር ስለ መንገዱ በልቡና ያለው ዕውቀት እየደበዘዘ ይሄዳል፥ ጥርጥሩም ሊታገሡት ከሚቻለው ወሰን ሲያልፍ ሰው ሊያይ ግድ ይሆንበታል የሚለው ሐሳቡ፥ በእኔ ዘንድ ከቁሩ ይበልጥ የከበረ ነው።

ይህ ዐይንን የመጋረድ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓለም አቀፍ ደንብ ወጣለት፤ እይታው 1.5 ሴኮንድ ይከፈታል፥ 1.5 ሴኮንድ ይጋረዳል፥ የሚመረመረውም መንገዱ ሳይሆን በመኪናው ውስጥ የተተከለው መሣሪያ ነው።